ስለ ሰሞነኛና ስለ ተራ ቆጠራ ጥንታዊ ታሪክ

ሥራ በጠባዩ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው ሠራተኛው ሲደክም አብሮት የሚያርፍ፣ ሁለተኛው ግን ሠራተኛው ደከመም በረታም የማያቋርጥ ነው። ገበሬ ጀምበር ስታዘቀዝቅ በሬዎቹን ይፈታል፤ የመሠዊያ እሳት፣ የከተማ በር ጥበቃ፣ የሕሙማን ማስታመሚያ ቤት፣ በባሕር መካከል ያለ መርከብ፣ ብረት የሚቀልጥበት ምድጃ ግን መሸ ተብሎ አይተዉም። የሥጋ ባሕርይ ደካማ በመሆኑ ለዚህ ለሁለተኛው ዓይነት ሥራ አንድ ሰው ብቻውን ሊበቃ ስለማይችል፣ ሰዎች በየምድባቸው እየተፈራረቁ እንዲያገለግሉ፣ ፈረቃውም ከአለቃ ፈቃድና ከአድልዎ ተለይቶ በራሱ ሕግ እንዲዞር የሚያደርግ ጥበብ ከጥንት ጀምሮ ሲፈለግ ኖሯል። ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት የተጻፈውን ያህል ስለዚህ ጥበብ አልተጻፈም፤ እኔ ግን የሰው ልጅ ለፍትሕ ከደከመባቸው ሥራዎች መካከል ከፍ ያለ ስፍራ የሚገባው ነው ብዬ አምናለሁ።

ዛሬ በሆስፒታል ወይም በፋብሪካ የሠራተኞችን ፈረቃ የሚያወጣ ሰው ሥራውን የሚያከናውነው በኮምፒዩተር ሶፍትዌር ነው። ሶፍትዌሩ ተደጋጋሚውን ተራ ከመዘርጋቱ በፊት የሚጠይቀው ጥቂት ነገር ነው፤ ዙሩ ስንት ቀን ነው? ቆጠራው ከየትኛው ዕለት ይነሣል? እያንዳንዱ ምድብ ወደ ዙሩ የሚገባው በስንተኛው ቀን ላይ ነው? በዓል ሲውል ምን ይደረግ? እነዚህ ጥያቄዎች ከኮምፒዩተር ጋር የተወለዱ የሚመስለው ሰው ቢኖር መጽሐፈ ዜና መዋዕል ቀዳማዊን ገልጦ ምዕራፍ 24ን ያንብብ።

በዚያ ምዕራፍ ንጉሥ ዳዊት የአሮንን ልጆች ለቤተ እግዚአብሔር አገልግሎት በ24 ምድብ እንደ ከፈላቸው ተጽፏል። ከአልዓዛር ወገን 16፣ ከኢታምር ወገን 8 የአባቶች ቤት አለቆች ተገኙ፤ የበዛው ወገን ያነሰውን እንዳይጫነው ቅደም ተከተሉ በዕጣ ተወሰነ፣ የወጣውም ዕጣ በንጉሡና በአለቆቹ ፊት በጽሑፍ ሰፈረ። ፊተኛው ዕጣ ለዮአሪብ፣ ስምንተኛው ለአብያ፣ ሃያ አራተኛው ለመዓዝያ ደረሰ። በተከታዩ ምዕራፍ መዘምራኑም እንዲሁ በ24 ተመድበዋል፤ በየምድቡ 12፣ በጠቅላላው 288 ነበሩ። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ዕጣው አንድ ጊዜ ብቻ መጣሉ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማን ይግባ ማን ይውጣ የሚያሰኝ ክርክር ሳይኖር ትውልድ ሁሉ በዚያው ቅደም ተከተል ሳምንት በሳምንት ሲቆጥር ይኖራል፤ ተራው የሚደርሰው ሰው ገና ሳይወለድ ሳምንቱ ታውቆለታል።

በዚያው ዘመን በወር የሚዞር ተራም ነበረ። የዳዊት ጭፍሮች እያንዳንዳቸው 24,000 ሰው ባለባቸው በ12 ክፍል ተመድበው ወር በወር ይገቡና ይወጡ ነበር፤ የሰሎሞንም 12 ሹማምንት እያንዳንዳቸው በዓመት አንድ ወር የንጉሡን ማዕድ ይቀልቡ ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 5 የተነገረው የሊባኖስ ሥራ ነው፤ ሰሎሞን ለቤተ መቅደሱ እንጨት 30,000 ሰው መልምሎ፣ በየወሩ 10,000 እየላከ፣ አንድ ወር በሊባኖስ ሁለት ወር በቤታቸው እንዲሆኑ አዘዘ፣ አዶኒራምንም በላያቸው ሾመ። አንድ ጊዜ ሠርቶ ሁለት ጊዜ የማረፍ ተራ ዛሬ ከመንደር ርቀው በነዳጅና በማዕድን ቦታ ለሚሠሩ ሰዎች ከሚወጣው ተራ በአሠራሩ የተለየ አይደለም።

ሆኖም በወር የሚዞረው ተራ አንድ ጉድለት ነበረበት። ሦስትም ሆነ አሥራ ሁለት ምድብ 12ቱን ወር ያለ ቀሪ ይካፈሉታልና፣ ክረምት የደረሰው ምድብ ለዘወትር ክረምት ይደርሰዋል፣ በመከር ከቤቱ የተለየውም በየዓመቱ በመከር ይለያል። የካህናቱ የሳምንት ተራ ግን ከዚህ የራቀ ነው፤ ረቂቅነቱም ለእኛ ከማንም ይልቅ የቀረበ ሊሆን ይገባል፤ ምክንያቱም ምስጢሩ የተጠበቀው ሙሉ ቃላቸው በግእዝ ቋንቋ ብቻ ከተረፈልን ከመጽሐፈ ሄኖክና ከመጽሐፈ ኩፋሌ ጋር ተያይዞ ነው።

ሁለቱም መጻሕፍት ዓመቱን 364 ቀን ያደርጉታል፤ ይህም 52 ሳምንት ሳይጎድልና ሳይተርፍ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች ከተገኙት ጥቅሎች መካከል በዚህ ዓመት ላይ የ24ቱን ምድብ ተራ ሳምንት በሳምንት የሚዘረዝሩ ጽሑፎች አሉ። ሒሳቡ እንዲህ ነው፤ 52 ለ24 ሲካፈል ሁለት ጊዜ ደርሶ 4 ይተርፋል። እንግዲህ በአንድ ዓመት ሁሉም ምድብ ሁለት ሁለት ጊዜ ያገለግልና አራት ምድቦች ብቻ ሦስተኛ ተራ ይደርሳቸዋል፤ ቀጣዩም ዓመት ከአራት ምድብ በኋላ ባለው ይጀምራል። በቁምራን ጽሑፍ የመጀመሪያው ዓመት የሚጀምረው በ22ኛው ምድብ በጋሙል ነው፤ ሁለተኛው ዓመት በ2ኛው፣ ሦስተኛው በ6ኛው፣ አራተኛው በ10ኛው፣ አምስተኛው በ14ኛው፣ ስድስተኛው በ18ኛው ምድብ ይጀምርና ሰባተኛው ዓመት ወደ ጋሙል ይመለሳል። በስድስቱ ዓመት ውስጥ 312 ሳምንት አለ፤ 312ም ለ24 ሲካፈል ያለ ቀሪ 13 ይሆናል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ምድብ ድርሻ 13 ሳምንት ነው፣ ያ በየዓመቱ የሚተርፈው ሦስተኛ ተራም በስድስት ዓመት ውስጥ ለሁሉም አንድ አንድ ጊዜ ይደርሳል፤ የበጋውም የክረምቱም አገልግሎት ከምድብ ወደ ምድብ ይሸጋገራል። ባለሙያ ያልሆነ ሰው ቀሪን የሒሳብ እንከን አድርጎ ይቆጥረው ይሆናል፤ በተራ ሥራ ግን ሸክሙን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ይኸው ቀሪ ነው።

የተራው መለዋወጫ ዕለት ሰንበት ነበረች። በአንደኛው መቶ ዓመት የነበረው የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፎስ፣ እርሱ ራሱ ከመጀመሪያው ምድብ ከዮአሪብ የተወለደ ነውና፣ እያንዳንዱ ወገን ከሰንበት እስከ ሰንበት ስምንት ቀን ያገለግል እንደ ነበረ ጽፏል፤ ሳምንቱ ሰባት ሆኖ ሳለ ስምንት ማለቱ ገቢውና ወጪው በአንዲት ሰንበት ስለሚገናኙ ነው። ሚሽና የተባለው የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ በዚያች ሰንበት 12ቱ የገጽ ኅብስት ሲከፈል ስድስቱ ለሚገቡት፣ ስድስቱ ለሚወጡት እንደሚሆን ይናገራል። ይህ የመገናኛ ሰዓት በታሪክ ውስጥ መንግሥት ለውጧል። ጎቶልያ የንጉሡን ዘር አጥፍታ በነገሠች ጊዜ ሕፃኑ ኢዮአስ በቤተ መቅደስ ተሸሽጎ አደገ፤ ካህኑ ዮዳሄም እርሱን ለማንገሥ የመረጠው ቀን ሰንበት ነው፤ በሰንበት የሚገቡትን ተቀብሎ የሚወጡትን ግን ሳያሰናብት አቆያቸውና፣ ማንም ሠራዊት ተሰበሰበ ብሎ ሳይጠረጥር የጥበቃው ኃይል እጥፍ ሆነለት፤ ልጁንም በቤተ መቅደስ አነገሠው።

ደንቡ የሚታለፍበት ጊዜም ነበረው። በሦስቱ ታላላቅ በዓላት ሕዝቡ ሁሉ ወደ ኢየሩሳሌም ሲወጣ አንድ ምድብ ብቻውን ስለማይችል 24ቱም በአንድነት ያገለግሉ ነበር፤ በዓሉ ሲያልፍ ግን ቆጠራው ሳይናወጥ ባለበት ይቀጥላል። ይህ ዛሬም በትክክል ሊሠራ የሚገባው ነገር ነው፤ በዓል ሲመጣ የዕለቱ ትእዛዝ ይለወጣል እንጂ ዙሩ አይገፋም።

የቆጠራ መነሻ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ደግሞ ከዘካርያስ ታሪክ የሚበልጥ ማስረጃ አላውቅም። ቅዱስ ሉቃስ የመጥምቁ አባት ካህኑ ዘካርያስ ከአብያ ምድብ እንደ ነበረ፣ መልአኩም የተገለጠለት በተራው ሲያጥን እንደ ነበረ ይነግረናል። የአብያ ምድብ ስምንተኛ መሆኑ ይታወቃል፤ ምድቦቹ 24 መሆናቸው ይታወቃል፤ ተራው ሳምንት መሆኑም ይታወቃል። ከዚህ ተነሥተው የዮሐንስን ፅንሰት፣ ከእርሱም የጌታችንን ልደት ዕለት በሒሳብ ለማግኘት የደከሙ ሊቃውንት ብዙ ናቸው፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ቤተ መቅደሱ በተቃጠለበት ዕለት ተረኛው የዮአሪብ ምድብ ነበረ የሚለውን የአይሁድ ትውፊት መነሻ አድርገው ወደ ኋላ ቆጥረዋል። ነገር ግን ፊተኛው ምድብ በየትኛው ሳምንት እንደ ጀመረ፣ ዓመቱም በምን ዓይነት አቆጣጠር እንደ ተቆጠረ የሚያጸና ሰነድ ስለሌለ አንዱ ሊቅ የደረሰበትን ሌላው አይደርስበትም። የዙሩ ርዝመት፣ የምድቡ ብዛት፣ ቅደም ተከተሉ ሁሉ ተጠብቆ መነሻው ዕለት ብቻ ስለ ጠፋ ሒሳቡ በሙሉ ተንጠልጥሎ ቀረ። ቤተ መቅደሱ እ.ኤ.አ. በ70 ዓ.ም. ከፈረሰ በኋላ የሚያጥኑበት መሠዊያ ሳይኖራቸው እንኳ አይሁድ የ24ቱን ምድብ ስም ከየሰፈሩበት ከተማ ጋር በምኵራብ ድንጋይ ላይ ይቀርጹ ነበር፤ ከእነዚህ አንዱ ስባሪው በቂሣርያ ተገኝቷል።

ክርስቲያኖች ይህን ሥርዓት በምናኔ ሕይወት ውስጥ አስቀጠሉት። በአራተኛው መቶ ዓመት በግብፅ የአንድነትን ገዳም የመሠረተው አባ ጳኩሚስ፣ ሥርዓቱም ወደ ግእዝ ተተርጉሞልናልና፣ መነኮሳቱን በየቤቱ ከፍሎ ሳምንት በሳምንት እንዲያገለግሉ አድርጓል። በስድስተኛው መቶ ዓመት በኢጣልያ የነበረው ቤኔዲክቶስ ደግሞ የማድ ቤቱ ተረኛ ሳምንቱን ሲፈጽም ቅዳሜ ቤቱን አጽድቶ፣ ፎጣውን አጥቦ፣ ዕቃውን ንጹሕና ሙሉ አድርጎ ለመጋቢው እንዲመልስ፣ መጋቢውም የሰጠውንና የተቀበለውን እያወቀ ለገቢው ተረኛ እንዲያስረክብ ደነገገ። ተራ የሚበላሸው በአብዛኛው በመካከሉ ሳይሆን በመረካከቢያው ስለሆነ፣ ይህ ትንሽ የምትመስል ድንጋጌ ከብዙ ረጃጅም መመሪያዎች ትበልጥብኛለች።

በአገራችን ቤተ ክርስቲያን ሰሞነኛው እስከ ዛሬ አለ። ለቅዳሴ ቢያንስ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ሊቆሙ ይገባልና፣ የደብሩ አገልጋዮች እንደ ብዛታቸው ተመድበው ሳምንት በሳምንት ይገባሉ። ሰሞነኛው ካህን በሳምንቱ ከሚስቱ ተለይቶ፣ ከቅዳሴ በፊት እህል ውኃ ሳይቀምስ፣ ኪዳኑን አድርሶ፣ ክርስትና የሚነሣ ሕፃን ቢመጣ አጥምቆ፣ ሰው ቢሞት ፍትሐት ፈትቶ ይሰነብታል፤ ዲያቆኑም በቤተ ልሔም ኅብስቱን ያዘጋጃል። በታላላቅ ክብረ በዓላት፣ ልክ እንደ ኦሪቱ፣ ሰሞነኛ የሆነውም ያልሆነውም በአንድነት ይቆማል። በቀድሞው ዘመን ይህ ተራ ከርስት ጋር የተያያዘ ነበር፤ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የተሰጠ መሬት የያዘ ሰው ሰሞኑን በራሱ ወይም በሰው ማስፈጸም ግዴታው ነበረና፣ ክህነት የሌለው ባለመሬት ከምርቱ እየከፈለ የሚያገለግልለት ካህን ያቆም ነበር። በ1967 ዓ.ም. መሬት በአዋጅ የመንግሥት ሲሆን ይህ መተዳደሪያ ተቋረጠ፤ ሰሞኑ ግን አልተቋረጠም፣ በዚህም አገልጋዮቹ ሊመሰገኑ ይገባል።

የሰሞኑ ሒሳብ ከበዓላት ሒሳብ ጋር ሲገናኝ የሚሆነውን ማየት ደስ ያሰኛል። የአገራችን ሊቃውንት በቀሪ መቁጠርን የበዓላት መቁጠሪያ ከሆነው ከባሕረ ሐሳብ ጠንቅቀው ያውቁታል፤ ዓመተ ዓለሙን ለ19 ከፍለው ቀሪውን ይይዛሉ፣ ከዚያም አንዱን ትተው ወንበሩን ያገኛሉ፣ ወንበሩን በ11 አባዝተው ሠላሳ ሠላሳውን ሲገድፉ አበቅቴውን፣ በ19 አባዝተው እንዲሁ ሲገድፉ መጥቅዑን ያገኛሉ። በዚህ ሒሳብ ከአንዱ ፋሲካ እስከ ቀጣዩ ፋሲካ ያለው ጊዜ 50፣ 51፣ 54 ወይም 55 ሳምንት ነው እንጂ ከዚህ አይወጣም። አራት ምድብ ካህናት ያሉበትን ደብር እናስብ፤ እነዚህ ቁጥሮች ለአራት ሲካፈሉ ሁለት ወይም ሦስት ይተርፋል እንጂ ያለ ቀሪ አይካፈሉም። ስለዚህ ዘንድሮ ዐቢይ ጾም በገባበት ሳምንት ያገለገለው ምድብ ለከርሞ በዚያው ሳምንት ፈጽሞ አይደርሰውም፤ ማንም ሳያደላ ሒሳቡ ራሱ ወደ ሌላው ያሳልፈዋል። የጽዋ ማኅበር ግን እንደዚህ አይደለም። በየወሩ በመልአኩ ወይም በጻድቁ ዕለት የሚደግሱት ማኅበርተኞች አሥራ ሁለት ቢሆኑ፣ ጎተራ በሚራቆትበት በነሐሴ ጽዋው የደረሰው ሰው ዕድሜ ልኩን በነሐሴ ይደግሳል፤ አንድ ሰው ተጨምሮ አሥራ ሦስት ቢሆኑ ግን ሸክሙ በየዓመቱ አንድ ወር እየተሸጋገረ ሁሉንም ያዳርሳል።

ባሕረኞችም በተራው ላይ አንድ መጨመር ሸክሙን እንደሚያሸጋግር በሥራ ደርሰውበታል። በመርከብ ላይ ሌሊትና ቀኑ አራት አራት ሰዓት ባለው በስድስት ጥበቃ ይከፈላል፤ ስድስት ደግሞ ለሁለት ምድብ ያለ ቀሪ ስለሚካፈል አንዱ ምድብ ሁልጊዜ እኩለ ሌሊትን ይሸከም ነበር። ስለዚህ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ያለውን ጥበቃ ለሁለት ከፈሉት፤ ጥበቃው ሰባት ሆነና ተራው በየዕለቱ ተለዋወጠ።

የአሜሪካ የብረት ማቅለጫ ባለቤቶች ግን ቀሪውን በሠራተኛው ጀርባ ላይ ጫኑት። ምድጃው ስለማይጠፋ ሁለት ምድብ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሰዓት ይሠሩ ነበር፤ በየሁለት ሳምንቱ የቀኑ ምድብ ወደ ሌሊት፣ የሌሊቱ ወደ ቀን ሲዞር የሚሞላ ሰው ስላልነበረ አንደኛው ምድብ ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ ከእሳቱ ፊት ይቆም ነበር። ይህን ያስቀረው ሦስተኛ ምድብ መጨመር ነው፤ ታላቁ የብረት ኩባንያ የአሥራ ሁለት ሰዓቱን ቀን የተወው እ.ኤ.አ. በ1923 ነበር። እስከዚያ ድረስ ሰው እንዲህ ሲንገላታ መኖሩ ሊረሳ የማይገባ ነው፤ በደሉ የመጣው ሦስተኛ ምድብ ለመቅጠር ባለመፈለግ እንጂ ሒሳቡ ስለማይታወቅ አልነበረም። ሳምንቱ 168 ሰዓት ነው፤ በሦስት ምድብ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 56፣ በአራት ሲካፈል 42 ይደርሳል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛውን ሥራ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳያልፍ ስለሚወስን፣ ሰባቱንም ቀን ሳያቋርጥ የሚሠራ ፋብሪካ በሦስት ምድብ ብቻ ልቆይ ቢል ሒሳቡ ራሱ ይከሰዋል።

ለአራት ምድብ ከሚወጡት ተራዎች እኔ የምወደው ባለ ስምንት ቀኑን ነው፤ ሁለት ቀን ጠዋት፣ ሁለት ቀን ከሰዓት፣ ሁለት ቀን ሌሊት፣ ሁለት ቀን ዕረፍት። ሳምንቱ ሰባት፣ ዙሩ ስምንት በመሆኑ ዕረፍቱ በየዙሩ አንድ ቀን ይሸጋገርና በ56 ቀን ውስጥ ሰባቱን ዕለታት ሁሉ ያዳርሳል፤ እሑድ ለአንዱ ብቻ ርስት አይሆንም። በሶፍትዌሩ ላይ ሲተከል አራቱ ምድቦች ከአንድ መነሻ ዕለት ሁለት ሁለት ቀን ተለያይተው እንዲገቡ ይደረጋሉ። ችግር የሚመጣው ሶፍትዌሩ የሚያውቀው የሳምንት ድግግሞሽን ብቻ ሲሆን፣ ወይም የወሩን ቀን ቁጥር ብቻ ሲያይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው፣ ዩኒክስ በተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት በሰባተኛው እትም ውስጥ የነበረው፣ ሥራን በሰዓቱ የሚያስነሣው ክሮን የተባለው የሰዓት ሎሌ እንዲህ ያለ ነው፤ በየስምንት ቀን እንዲነሣ ሲፈለግ ወር በገባ በ1፣ በ9፣ በ17፣ በ25 ይነሣና አዲስ ወር ሲጠባ እንደገና ከ1 ይጀምራል፤ ወሩ ሠላሳ ቀን ከሆነ በ25 እና በቀጣዩ 1 መካከል ያለው ስድስት ቀን ብቻ ነውና ዙሩ ይሰበራል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው አይካሌንደር የተባለው የኮምፒዩተር ቀን መቁጠሪያ ደንብ ግን መነሻ ዕለትን፣ የድግግሞሹን ርቀት፣ የሚያበቃበትን ጊዜና ከዙሩ የሚወጡትን ዕለታት ለይቶ የሚጻፍበት መንገድ ሰጠ፤ በእርሱ ከመነሻው ዕለት በየስምንት ቀን የተባለው ወርም ዓመትም ሳይለይ ይቆጥራል።

ለእኛ ይህ ልዩነት በጳጉሜን ጎልቶ ይታያል። ወሩን ሠላሳ አድርጎ የወጣ ተራ አምስቱ ወይም ስድስቱ ቀናት ሲደርሱ የማን እንደሆኑ ሳይታወቅ ይቀርና አለቃው በቃሉ ይደለድላቸዋል፤ ከመነሻ ዕለት የሚቆጥር ተራ ግን ጳጉሜን 3ን እንደ ኅዳር 3 ይቆጥረዋል። ጳጉሜን 5 ምሽት በ4 ሰዓት ገብቶ መስከረም 1 ጠዋት በ12 ሰዓት የሚወጣው የሌሊት ምድብ ሰዓቱ ለየትኛው ዕለት እንደሚጻፍ ግን ሶፍትዌሩ ከራሱ አያውቅም። በአይሁድ አቆጣጠር ዕለቱ ከምሽት ስለሚጀምር አገልግሎቱ በሙሉ የመስከረም 1 በሆነ ነበር፤ ኮምፒዩተሩ ዕለቱን የሚለውጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ስለሆነ ሁለት ሰዓቱን ለአሮጌው፣ ስድስቱን ለአዲሱ ዓመት ይከፍለዋል። በእኔ አስተያየት ፈረቃው በተጀመረበት ዕለት ስም ቢመዘገብና የበዓሉ ክፍያ ብቻ በሰዓቱ ተለይቶ ቢሰላ ይሻላል፤ የትኛውም ቢመረጥ ግን ውሳኔው ነሐሴ ሳያልቅ ተጽፎ በአራቱም ምድብ ፊት መነበብ አለበት።